ቀለሙ ሲለቅ

ጎህ ሳይቀድ ተነስቼ ታንከሩን ሞላሁት፣
ሦስት ሺህ ሊትር ውሃ፤ መቅዘፊያውን ለቀቅሁት፣
ቆሜም አዳመጥሁት።
«ዓይንህን አትመነው» ይለኛል ገሬንት፣ «ጆሮህን ነው እንጂ፤
ቅቤ ሊወጣው እንዳለ እርጎ ድምፁ ሲወፍር፣
ያኔ ክፈት ቧንቧውን፣ ያኔ ይውጣ ዘር።»

ቀጭን ሣርና ማገጥ፣ ማዳበሪያ ሁለት ከረጢት፣
ሙጫ በባልዲ፣ ዝናብ ቢመጣ እንዲይዝልን መሬት፣
ከዚያም ቀለሙን፤ አንድ ጭልፋ የማይሞላ ዱቄት።
ውሃው አረንጓዴ ሆነ፣ እጄም እስከ ክርኔ።

ወረቀቱ መጨረሻ ነው። በገመድ የታሰረ እስር፣
የተፈጨ ጋዜጣ፤ የአገር ወሬ፣ የመንደር ምስጢር፣
የኳስ ውጤት፣ የሙት ዜና፣ የሚሸጥ አሮጌ መኪና፣
«ድመቴ ጠፋች» ያለች ሴት፣ የባለሥልጣን ልመና፣
ሁሉም አንድ ገንፎ ሆነ።

አንድ ቁራጭ ብቻ ከመፍጫው አምልጦ መዳፌ ላይ ተጣበቀ፤
የቃላት እንቆቅልሽ ነው፣ በሰማያዊ ብዕር የደመቀ።
የማን እንደሆነ እንጃ፣ የተንጋደደ እጅ ጽሑፍ፣
አንድ ረድፍ ባዶ ቀርቷል፣ አምስት ፊደል ሳይጻፍ።
ፍንጩ ተቆርጧል። ጥያቄው የጠፋ ክፍት ቦታ።
ወደ ታንከሩ መለስሁት፤ ከሌላው ጋር ይመታ።

ኮረብታው ከመንደሩ በላይ ነው። ልጆች ተራራ ይሉታል።
ተራራስ አይደለም፤ ከከሰል ጉድጓድ የተረፈ ድንጋይና ጥቀርሻ፣
የዌልስ አያቶቻችን አካፋ ሰማንያ ዓመት የከመረው፣
እግዜር ያልፈጠረው ተራራ፣ ሣርም ስለዚህ ያላወቀው።
ባለፈው ክረምት ውሃ ጠግቦ ግማሽ ጎኑ ተንሸራተተ፣
የኔስታን የጓሮ አጥር ገፍቶ ዶሮ ቤቷ ደጅ ተጎለተ።

መሐንዲሶች መጡ፤ ቆረጡት፣ ደለደሉት፣ አስተኙት።
ለእኛ የተረፈን ማልበስ ነው።
አለቃችን በስልክ፦ «አርብ ተቆጣጣሪው ሲመጣ አረንጓዴ ይይ።»
ሣር ይይ አላለም።

ገሬንት ታንከሩ አናት ላይ ቆሞ አፈሙዙን ወደ ሰማይ አቀና፤
ውሃው ቅስት ሠርቶ ወጣ፣ ደከመና፣
እንደ ካፊያ ወረደ።
«አፈሩን አትምታው» አለኝ፣ «ተመትቶ የኖረ ነው። አልብሰው።»

ኔስታ ካፖርቷን በሌሊት ልብሷ ላይ ደርባ ወጣች፣
ቦቲዋን በተቃራኒ እግሯ አጥልቃ፣ አንጋጣ አየች።
«ይሄ ቀለም ነው ወይስ ሣር?»
«ለአርብ ቀለም ነው» አላት ገሬንት፣ «ለሰኔ ደግሞ ሣር።»
«ባሌም እንዲህ ነበር ቃሉ፤ አርብ ደሞዝ፣ ሰኔ ባሕር።
ደሞዙን አይቼዋለሁ» አለችና ገባች።

ሙጫው ለመድረቅ አንድ ቀን ይፈልግ ነበር፤
ሰማዩ ግማሽ ቀን ሰጠን።
ሌሊቱን ጣራዬ ላይ የወረደውን ጠብታ ሁሉ ቆጠርሁ፣
እያንዳንዷ ዘር ስትንሸራተት የሰማሁ መሰለኝ፣ ፈራሁ።

አርብ ተቆጣጣሪው ከመኪናው ሳይወርድ ፎቶ አነሳ፣ ፈረመ።
በአሥረኛው ቀን ቀለሙ ለቀቀ፤
ኮረብታው እንደ ጎረምሳ ጢም እዚህም እዚያም ግራጫ ሆነ።
መጠጥ ቤት ስገባ «ቀለም ቀቢው መጣ!» ተባለ፣ ተሳቀ።
እኔም ሳቅሁ። ምን ልበል?
ክርኔ ላይ ያለው እድፍ ግን በሳሙናም እምቢ አለ።

በአራተኛው ሳምንት ማለዳ ብቻዬን ወጣሁ።
ቆሜ ሳየው አመድ ነው። ጎንበስ ስልም አመድ።
በሆዴ ተኛሁ፣ ጉንጬን እርጥብ ወረቀቱ ላይ አደረግሁ፣
ፀሐይ በአግድም ስትመጣ ያኔ አየሁት፤
የሕፃን ግንባር ላይ እንዳለ ለስላሳ ፀጉር፣
ቢጫ ይሁን አረንጓዴ ለመናገር የሚያስቸግር።
መሐል ላይ ጎርፉ የወሰደው አንድ ክንድ የሚሰፋ ባዶ አለ፤
ማክሰኞ በእጅ ቧንቧ እንመለሳለን።

ገና ሳልነሳ ከታች ጩኸት ሰማሁ።
የኔስታ ዶሮዎች በፈረሰው አጥር ሾልከው
ቁልቁለቱን በጥፍራቸው ይጭሩታል፣
እሷም መጥረጊያ ይዛ፣ እያለከለከች፣ ከኋላቸው፦
«ውጡ ከዚህ! እሽ! ውጡ!
ሣር ነው እኮ! ሣር ነው!»